ፍትፍት የሚጠረጥረው ደንብ አስከባሪ

ቡራዩ ታክሲ ተራ፣ አጥሩ ሥር ሥራ ያጣው ግንበኛ መርክነህ ተቀምጧል፤ ከትናንት ጀምሮ አልበላም። እኔ ሳህን ይዤ ፊት ለፊቱ ቆሜአለሁ፤ ደንብ አስከባሪው በመካከላችን ቆሟል። የሽሮ ፍትፍትን እንደ ኮንትሮባንድ የሚጠረጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

«እማማ፣ ጎዳና ላይ ችግረኛ ማብላት ተከልክሏል። ለመሆኑ ማን ላከዎት?»

«መብላትስ ተከልክሏል?»

«እሱ አልተከለከለም።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንዴ ጎረስኩ። አጠገብ ሰው እያለ «እንብላ» ሳይሉ መብላት ደግሞ ነውር ነው።

«መርክነህ፣ እንብላ» አልኩ። ሳይግደረደር ቀረበ።

«ይሄማ ማብላት ነው!» አለ ደንብ አስከባሪው።

«ግብዣ ነው። አንተም እንካ» ብዬ ትልቅ ጉርሻ ዘረጋሁለት። የእናት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አለቃው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ ጎረሰ። አፉ ሞልቶ መከልከል ስላልቻለ፣ መርክነህ ረጋ ብሎ በላ።

ምግቡ ሲያልቅ ሳህኔን አንስቼ ሄድኩ።