ፀሐይን የማደብዘዝ ጥናት ይጠና እንደሆነ የሚያጠናው ኮሚቴ

በተራራማው አገራችን በባልቲስታን ሸለቆዎች ሁሉ በጥበቡ የተመሰገነው ኮሚቴያችን፣ ምድርን ለማቀዝቀዝ ፀሐይን የማደብዘዝ ጥናት ይጠና ወይስ አይጠና የሚለውን ያጠናል። እነሆ በአራተኛ ዓመቱ፣ ከአጀንዳ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ንቅንቅ ሳይል በጽናት ይገኛል። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ።

በዚያ ሞቃት የሐምሌ ጠዋት ሊቀ መንበሩ ዶክተር ኢምቲያዝ፣ "ካላጠናን በምን እናውቃለን?" አሉ።

ፕሮፌሰር ናጂባ ጠረጴዛውን መቱ። "ካወቅን እንሠራዋለና! ለመሆኑ ሕዝቡ ተጠይቋል?"

ሕዝብ ከየት ይምጣ? ደግነቱ አፖ ሩዚ የሚባሉ የመንደሬ ሽማግሌ ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር፣ በረዶ በቅርጫት አዝለው በደጃችን ሲያልፉ ታዩ። የእኛ ሰው ውኃ ሲጠፋበት ወንድና ሴት የሚላቸውን በረዶዎች አጋብቶ ተራራ ጥላ ሥር ይተክላል፤ በዓመታት አድጎ ውኃ ይሰጣል። የመንደሩ አፕሪኮት ዛፎች ተስፋ ያ በረዶ ብቻ ነበር። ተሸካሚዎቹ እስኪተክሉት መሬት አያስነኩትም፣ ትንፍሽም አይሉም፤ ከተናገሩ አይጸድቅም። ይህን አውቃለሁ። ግን ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት አይሰጥም።

ሕዝብ ተገኘ ተብሎ የኮሚቴው ጥበቃ እየገፋ አስገባቸውና በሩን ዘጋ።

"አባቴ፣ ይጠና ወይስ አይጠና?" አሉ ዶክተሩ።

ዝም።

"ተቃውሞ የለም! መዝግብ!"

"ድጋፍስ የት አለ?" አሉ ፕሮፌሰሯ። "ኧረ ይናገሩ አባቴ፣ ምላስዎን ማን ወሰደው?"

አፖ ሩዚ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መዝገቤ። ክርክሩ ዝምታ ድምፅ ነው ወይስ ድምፀ ተአቅቦ ወደሚለው ከፍታ ወጣ፤ ከምሳ በኋላም ቀጠለ። ወረቀት እንዳይበተን መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከቅርጫቶቹ የሚወርደው ውኃ ምንጣፉን አርሶ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

አሥር ሰዓት ላይ አፖ ሩዚ ቅርጫታቸውን ዘቀዘቁት። ባዶ ነበር።

"ጨረሳችሁ?" አሉ።

ዶክተሩ ደነገጡ። "ምነው ቀድመው ቢነግሩን!"

"ብናገር አይጸድቅማ! ምድርን እናቀዝቅዝ አናቀዝቅዝ ስትሉ በረዶዬን አቀለጣችሁት። አሁን ዛፎቼን ምን ላጠጣቸው?"

አምስቱም መንደርተኞች ውኃ የጠጣውን ምንጣፍ ጠቅልለው ተሸከሙት።

"የመንግሥት ንብረት ነው!" ጮኹ ፕሮፌሰሯ።

ማን ይስማቸው። አፕሪኮቶቹ ሥር ወስደው ጨመቁት፤ ኮሚቴው በአራት ዓመት ለምድር ያበረከተው ውኃ ይኸው ነው። እፍረት ቢያቃጥለኝ ተከትዬ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ ቃል ሳይወጣኝ።

አፖ ሩዚ ቀና ብለው አዩኝ።

"አሁንማ ተናገር ልጄ" አሉኝ። "በረዶው የለም።"