የጎሳ ስም ወይስ ክላክስ

[ማሜሎዲ፣ ፕሪቶሪያ ዳር፣ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ። ማሌሴላና ጎረቤቱ ፌቶሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ለማሌሴላ የእህት ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ፖሎክዋኔ ድረስ ሽማግሌ ሆነው ይሄዳሉ። ማሌሴላ የማያውቀው ነገር የለም፤ ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ የሰማው ከራሱ ከማሌሴላ ነው።]

ማሌሴላ፦ በራቸው ላይ ስደርስ ሦስቴ ክላክስ አደርጋለሁ! ምን ያመጣሉ?

ፌቶሌ፦ ኧረ ባክህ! ሽማግሌ እኮ አጥር ውጭ ቆሞ፣ የጎሳቸውን ስም እየጠራ ነው የሚለምነው። ፍየል ይቀጡሃል።

ማሌሴላ፦ አዲስ ፒካፕ ይዤ አጥር ስር ልገተር? አንተ መቼም ነገር አይገባህም።

ፌቶሌ፦ እሱስ አይገባኝም። [ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።] ግን ዕዳህን በየወሩ እንድትከፍል ፍርድ ቤት የጣለብህ የዕዳ ትእዛዝ አለብህ አይደል? እሱ እያለ አዲስ ብድር ክልክል ነው ያልከኝ አንተ ነህ።

ማሌሴላ፦ ሰረዝኩታ!

ፌቶሌ፦ ክፍያህን የምትከታተለው የዕዳ አማካሪዋ ሰረዘችልህ?

ማሌሴላ፦ እሷማ “ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም” ብላ አረፈችው።

ፌቶሌ፦ ዳኛው ነዋ!

ማሌሴላ፦ እሱንም ጠይቄዋለሁ። “ክቡር ዳኛ፣ የፈረቃ አለቃ ሆኛለሁ፣ ደሞዜ ጨምሯል፣ ትእዛዙ ይቅርልኝ” አልኩት። “እንኳን ደስ ያለህ። ግን ኑሮህ ስለተሻሻለ ብቻ እንድሰርዘው ሕጉ ሥልጣን አልሰጠኝም። ዕዳህን ጨርስና የነጻነት ወረቀትህን ውሰድ” አይለኝም!

ፌቶሌ፦ ዳኛ ያቃተውን ማን ቻለው ታዲያ?

ማሌሴላ፦ [ግራ ቀኙን አየት አድርጎ፣ በሹክሹክታ] ታክሲ ተራ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ሰውዬ።

ፌቶሌ፦ ውይ! ከዳኛ ይበልጣል?

ማሌሴላ፦ ሁለት ሺህ ራንድ፣ አስር ደቂቃ፣ “ተሰርዟል” የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙ!

ፌቶሌ፦ ዳኛው ስንት ማኅተም አለው?

ማሌሴላ፦ አንድ።

ፌቶሌ፦ ሰውዬውስ?

ማሌሴላ፦ ካርቶን ሙሉ!

ፌቶሌ፦ አሃ! ይበልጣላ። ወርሃዊ ክፍያውስ?

ማሌሴላ፦ የተሰረዘ ነገር ይከፈላል እንዴ? ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አንተ ነህ እንጂ፣ እንደኔው ትእዛዝ ተጥሎብህ አምስት ዓመት ሙሉ ስትከፍል የኖርክ! ለገና ዕቁባችን ሲወጣ ሰው ሥጋ ይጠብሳል፣ አንተ ለባንክ ትሸከማለህ። ሞኝ!

ፌቶሌ፦ ምን ላድርግ፣ እኔ ክላክስ ማድረግ አላውቅበትም። በሩ እስኪከፈት ቆሜ ጠበቅኩ።

[ሻጯ ወረቀቶች ይዛ መጣች።]

ሻጯ፦ ጋሼ ማሌሴላ፣ አዝናለሁ። ትእዛዙ አሁንም እንዳለ ነው። መዝገቡ ሦስት ወር አልተከፈለም ይላል። አበዳሪዎቹ ሊከሱዎት ይችላሉ።

ማሌሴላ፦ ደብዳቤውስ? ማኅተሙን እዪው!

ሻጯ፦ አየሁት። የዕድር ማኅተም ነው።

ማሌሴላ፦ ጉድ ሆንኩ! ቤቴን ሊሸጡብኝ ነው! ሚስቴን ምን እላታለሁ?

ሻጯ፦ [ወደ ፌቶሌ ዞራ] የእርስዎ ግን አልቋል። የነጻነት ወረቀትዎ ደርሶናል፣ ብድሩም ተፈቅዷል። ነጩ ፒካፕ ነው፣ ቁልፉ ይኸው።

ማሌሴላ፦ አንተ! ልታጅበኝ የመጣህ መስሎኝ!

ፌቶሌ፦ እኔም አንተ ልታጅበኝ የመጣህ መስሎኝ ነበር።

[ማሌሴላ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።]

ማሌሴላ፦ ፌቶሌ ወንድሜ... ቅዳሜስ?

ፌቶሌ፦ ቅዳሜማ አብረን ነን። አሁን ግን ግባ፣ ቢሮ ሳይዘጋ አማካሪዋ ጋ እንድረስ። ያቋረጥከውን ክፍያ ዛሬውኑ ትቀጥላለህ።

[ማሌሴላ ጋቢና ገባ። አመል ነውና እጁ ወደ ክላክሱ ተዘረጋ።]

ፌቶሌ፦ እጅህን ሰብስብ! በሯ ላይ ስንደርስ ትወርድና፣ አጥር ውጭ ቆመህ፣ የጎሳዋን ስም እየጠራህ ነው የምትለምናት።