የድኩላዋ ጓሮ

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ፊደልም እገድፋለሁና ይቅርታ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት በመከራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ የእንጨት መቁረጫ ገጀሞ ለምዷል። ዓይን አፋር ሰው ሲናገር ላብ ያጠምቀዋል፤ ሲጽፍ ግን ማን ያየዋል? ስለዚህ እዚህ ወረቀት ላይ እንደ ልቤ ልቆጣ ነው።

ሰው መቼም አንድ ነገር ጥሩ ነው ከተባለ መጠኑን አያውቅም። “ዛፍ አትቁረጡ” ተባልን፤ እሰየው፣ ደግ ነገር ነው። ከሰፈራችን በላይ ያለውን ገላጣ ተራራ ከለልነው፤ ደን ሆነ። ከደብረ ኤልያስ ገበያ ስትመለሱ ከሩቅ የሚጠቁረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ቅርንጫፍ የነካ ሰው ቤተ ክርስቲያን የዘረፈ ያህል ይታይ ጀመር። ዛፉ ረዘመ፣ ጥላው ከበደ፣ ከሥሩ ሣር እንኳ ጠፋ። ቅጠል ሞልቷል፤ ያለው ግን ላይ ነው። ድኩላ ደግሞ መሰላል የላትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

እናም ድኩላዋ የተራበ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። ወደ ባቄላችን ወረደች።

አምና ጫፍ ጫፉን ቀረጠፈችው። ተራራውን የሚያስጠብቁት ሽማግሌ፣ አያ ደሴ፣ “ጥበቃችን ሠመረ፣ አውሬው በዛ!” ብለው ደስ አላቸው። ወዲያው ደግሞ “እንግዲህ በወጥመድ እንቀንሰው” አሉ። ተቆጥተው ነው እንዳልል፣ ይህን ሲናገሩ ምራቃቸውን ሲውጡ አይቻለሁ። ጥብስ ጥብስ የሚሸት ቁጣ ነበር። አባቴም ገመድ ገምዶ ወጥመድ ሠራና የበራችን መቃን ላይ ሰቀለው።

እኔ ግን ጭራሮ ለቀማ ስወጣ ያየሁት ነገር ነበር። ነፋስ የጣለው አንድ ትልቅ ዛፍ ለፀሐይ መግቢያ ከፍቷል፤ በውድቀቱ የሰበራቸው ግራዋዎች ከጉቷቸው እንደገና አቆጥቁጠዋል፤ ዙሪያው የድኩላ በጠጥ ብቻ ነው። ግራዋ መራራ ነው ትሉኝ ይሆናል። ስለ አፏ የምታውቀው እሷ ናት።

በዚያው ዓመት በግንቦት አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ስለ ወጥመዱ ሲመክር ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነበር። እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ፣ “የደኑ ጫፍ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ቆርጠን፣ ሲያቆጠቁጥ ለምን አናበላትም?” አልኩ።

ሳቁ አማኑኤል ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

“አንቺ ልጅ” አሉ አያ ደሴ፣ “ሰው ለከብቱ ያጣውን ቅጠል ለአውሬ? ነገ ደግሞ አሞሌ አልሱልኝ ትያለሽ!”

“አሁንስ ባቄላችንን እያበላናት አይደል፣ አያ?”

አባቴ “ባቄላው የኔ ነው። ትሞክረው” አለ። አያ ደሴ ለመስቀል ቀጠሩን፤ እስከዚያ ባቄላው ከተነካ ወጥመዱ ከመቃኑ ይወርዳል።

ከባቄላችን በላይ፣ የአንድ ቤት ስፋት በምትሆን ቦታ፣ ትልልቆቹን ዛፎች ትቼ ግራዋውንና ክትክታውን በጉልበቴ ልክ ቆረጥኩ። ዝናብ እንዳይተኛበት የጉቶውን አናት አዘነበልኩት። ጭራሮውን ዙሪያውን ከመርኩት፤ ፍየል አይገባም፣ ድኩላ ግን ትዘላለች። ያለፈ ያገደመው ሁሉ “የአውሬ ጓሮ ጎመኑ ደረሰ ወይ?” እያለ አላገጠብኝ። ደረሰ! ክረምቱ ሲገባ ከእያንዳንዱ ጉቶ ለምለም ቀንበጥ ፈነዳ። ጠዋት ጠዋት ስሄድ ጫፉ ተቀርጥፎ አገኘዋለሁ። ከባቄላው አንድ ቅጠል አልጎደለም።

የመስቀል ዕለት አያ ደሴ ሰዎች አስከትለው መጡ። በመንገዱ በኩል ያለው የባቄላው ጥግ እሸቱ ተለቅሟል። “ይኸው!” አሉ። “ሂድ፣ ወጥመድህን አምጣ።” አባቴ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ሄደ።

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ መሬቱ ላይ ያየሁትን አነሳሁ።

“አያ፣ ድኩላ እሸት ፈልፍላ ልጣጩን ትጥላለች?”

ሁሉም መሬቱን አየ። ቀጥሎ የአያ ደሴን እጅ አየ። ሳያስቡት ከኛው ባቄላ ቀጥፈው፣ ፍርድ እየሰጡ ይፈለፍሉ ነበር። በእኛ አገር መንገደኛ እሸት ቢቀጥፍ ሌባ አይባልም፤ ማንም አልተቆጣቸውም። ሰው ሲበላው እሸት ነው፣ ድኩላ ስትበላው ጥፋት።

አባቴ ገመዱን ይዞ ሲመለስ ሰዉ ሲስቅ አገኘው። ያ ገመድ ዛሬ ጥጃ ታስሮበታል። አያ ደሴም “መቆረጡን እኔ አይደል የፈቀድኩት” እያሉ ያወራሉ። ይበሉ።

ዘንድሮ የአምናውን እጥፍ ልቆርጥ ነው ስላቸው ግን “ለአንዲት ድኩላ ይህ ሁሉ?” አሉኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ገጀሞዬን ሳልኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ በዚያ የመስቀል ጠዋት፣ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት፣ ግራዋው መሐል አይቻታለሁ። ከሆዷ ሥር ግልገል ይጠባ ነበር።

የት እንደምታስተኛው ግን ለእናንተም አልናገርም።