ዜና ፍልሰተ ሮተር ከብረት ጠረጴዛ

በዘመነ ማርሽ ፍጻሜ፣ አሮጌው የሊፍት ሞተር ጥርሱ ረግፎ ባረፈ በሁለተኛው ወር፣ የመዳብ ጌታ፣ የማግኔት አሰላፊ፣ የመጠምዘዝ ጉልበት አባት የሆኑት መሐንዲስ የሠሩትን ገድል እንጽፋለን፤ በዓይናችን ያየነውን እንጂ በወሬ የሰማነውን አይደለም።

በዚያም ወራት የመሐንዲሱ አማት ሊፍቱ በቆመበት ሕንጻ የመጨረሻ ፎቅ ባለው ቤታቸው ተዘግተው ነበር፤ ጉልበታቸው ደረጃ አልችል ብሎ ፀሐይን በመስኮት ብቻ ያዩ ነበርና። ስለዚህም የመሐንዲሱ ባለቤት በወጥ ቤቱ በር ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «እናቴ ፀሐይ ከሞቀች ሁለት ወር ሆናት! ከእንግዲህ ባሌ መሐንዲስ ነው ብዬ ለማንም አላወራም!» መሐንዲሱም ይህን በሰሙ ጊዜ እርሳስና ወረቀት አነሡ።

ወዲያውም ማርሽ የማይሻ፣ ቀስ ብሎ እየዞረ ብዙ የሚያነሣ ሞተር ነደፉ፤ ከእምብርቱ ርቆ የገፋ አብልጦ ያዞራልና ወገቡ እንዲሰፋ፣ ቁመቱም እንዲያጥር አዘዙ፤ ሮተር በሚባለው በሚዞረው ክፍል ዙሪያም ብርቱ ማግኔቶችን ጥቅጥቅ አድርገው አሰለፉ። ነገር ግን መሐንዲሱ በሚሠሩበት ወርክሾፕ ሻይም መዶሻም ክርክርም የሚቀመጠው በብረቱ ጠረጴዛ ላይ ነበርና፣ መሐንዲሱ እንደ ልማዳቸው ሮተሩን ለአፍታ እዚያ አኖሩት። ሮተሩም ጧ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልነሣም አለ።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰበሰበ፦ ጣቱ ከመዳብ ተለይቶ የማያውቀው ሽቦ ጠምጣሚ፣ ለፀጉር ስንጣቂ ስሕተት ሳምንት የሚያኮርፈው የቶርኖ አዛዥ፣ እሳት የማይፈራው ሚስቱን ግን የሚፈራው በያጅ፣ ማንም ያልጠራው ዘበኛም። ተባብረውም ወደ ላይ በሳቡ ጊዜ ጠረጴዛው አብሮ ተነሣ፤ የበያጁም ካቻቪቴ ከኪሱ ዘሎ ለጠላት ገባ። ዘበኛውም «በመዶሻ ይመታ!» ብሎ ቢያውጅ፣ መሐንዲሱ ተቆጥተው «ማግኔቱ ቢሰነጠቅ አማቴ ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ!» የሚል አዋጅ አወጡ፤ መዶሻውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያን ጊዜ መሐንዲሱ፣ ማግኔት ወደ ላይ ሲስቡት እንደሚጸና፣ ወደ ጎን ሲገፉት ግን እንደሚሸነፍ አስበው፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ጋር እኩል የሆነ የእንጨት አግዳሚ አስጠጉና «ማንም አያንሣ፤ ሁሉም ይግፋ!» አሉ። ሠራዊቱም ገፋ፤ ሮተሩም እየተንፏቀቀ፣ እየተነጫነጨ፣ ካቻቪቴውን እንደ ምርኮኛ እየጎተተ ወደ እንጨቱ ተሻገረ፤ አንድ ማግኔት እንኳ አልተሰነጠቀም። ማግኔት በማይስበው በናስ ዘንግ እየመሩም የመዳብ ሽቦ ወደ ተጠመጠመበት ቤቱ አስገቡት፤ ሞተሩንም ከሊፍቱ አናት ላይ አቆሙት።

ሊፍቱም ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። አማትም ምርኩዛቸውን አስቀድመው ወጡ፤ ከግቢው በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠውም ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጡ። የመሐንዲሱ ባለቤት አለቀሱ። መሐንዲሱም ስለ ሞተሩ ጉልበት ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ አማት እንዲህ ሲሉ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦ «ማንም እንዳያስቸኩለኝ! ዛሬ ወደ ላይ አልመለስም!»

ሞተሩም ያ ሁሉ ጉልበት እያለው እስኪመሽ ድረስ ሥራ ፈትቶ ዋለ። ምስጋና ይድረሳቸው፤ ማርሽን የሻሩ፣ ብረት ጠረጴዛን ድል የነሡ ታላቁ መሐንዲስ፣ ስለ ሞተሩ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከአማታቸው ጎን ተቀምጠው ፀሐይ ሞቁ፤ ከገድላቸውም ሁሉ ይህ በለጠ።