መሐላ የያዘው እግር

በየሰፈሩ አንድ መሐለኛ አይጠፋም። ሌላ ቦታ ያለው መሐለኛ ጠዋት ምሎ ማታ ይረሳል። በእኛ ሰፈር ግን መሐላ ይይዛል። የእገሌን ጠላ አልቀምስም ብሎ የማለ ሰው ዋንጫው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ክንዱ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው አፉን ይጠብቃል። ክቡር ጋሽ ወልደአረጋይ፣ የበግ ነጋዴው፣ አስተዋይ አይደሉም።

"ምያለሁ፤ አለቀ" ይላሉ፤ ያልቃልም። አንዴ በጣርማ በር ዋሻ ሲያልፉ ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ ሰው ቢደረብባቸው፣ በዋሻው ዳግመኛ ላያልፉ ማሉ። ጥፋቱ የረዳቱ ነበር፤ ቁጣው ለዋሻው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ እርሳቸውን የጫነ መኪና ዋሻው አፍ ላይ ሞተሩ ይጠፋል። ጋሼ ወርደው በዚያ ብርድ ተራራውን በእግራቸው ይሻገራሉ፤ ተሳፋሪው ወዲያ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ሲደርሱም "ምን ትገተራላችሁ፣ እንሂድ እንጂ" ብለው የሚቆጡት እርሳቸው ናቸው። ራሳቸው በግማሽ ተላጭቶ ሳለ ከፀጉር አስተካካዩ ተጣልተው "ምላጭ አይነካኝም" ያሉ ጊዜማ ክረምቱን በኮፍያ ከረሙ።

የከፋው የልጃቸው የሠናይት ነው። ባጃጅ ነጂውን ባየውን ስታገባ፣ የቤቷን ደፍ አልረግጥም ብለው ማሉ። ሠናይት ወንድ ልጅ ወለደች። ጋሼ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ በር ድረስ መጡ፤ እግራቸው ደፉ ጋ ሲደርስ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀረ። ልጁን አውጥታ እንድታሳያቸው ጎረቤት ለመናት። የአባቷ ልጅ ናትና እምቢ አለች።

"አባዬ በአፉ የዘጋውን በር በእግሩ ይክፈተው።"

እኔ አናጢ ነኝ። ችግሩ ደፉ ከሆነ ደፍ ይነቀላል ብዬ ነቀልኩት። እግራቸው አሁንም እምቢ አለ። መስኮቱን አሰፋሁላቸው፤ እስከ ወገባቸው ገቡና እግራቸው ውጭ ቀረ፤ ጎትተን አወጣናቸው። የደብሩ ቄስ መምሬ ዘርአ ዳዊት ይህን ሰምተው ሳቁብኝ። መሐላ የሚይዘው ቤቱን ሳይሆን የማለውን ሰው ነው፣ ያ ሰው ተለውጦ ሌላ ሰው ከሆነ መሐላው የሚይዘው ያጣል አሉኝ። መለወጣቸውን በምን እናውቃለን ብላቸው፣ "እግራቸው ያውቃል" አሉ።

ጋሼ ከበሩ ፊት በርጩማ ላይ መዋል ጀመሩ። መጀመሪያ ባየውን "ባለ ሦስት እግር" እያሉ ሲተርቡት ዋሉ። ውሎ አድሮ ከባጃጁ ሥር ሲተኛ መፍቻ ማቀበል ያዙ፤ የትኛው ለየትኛው ብሎን እንደሚሆንም ለዩ። ኋላማ በግ ተራ ላይ ባጃጅ ነጂን የሚያማ ቢገኝ ልኩን የሚነግሩት እርሳቸው ሆኑ። ማለዳ ማለዳ ግን እግራቸውን በሩ ላይ ይሞክራሉ፤ አይሄድላቸውም፤ አንገታቸውን ደፍተው ወደ በርጩማቸው ይመለሳሉ።

አንድ ከሰዓት የነቀልኩትን ደፍ መልሼ ስገጥም ከውስጥ ወተት ሲያር ሸተተን። ሠናይት ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ባየው ከባጃጁ ሥር ሊወጣ ሲፍጨረጨር፣ ጋሼ ተነሡ።

"ተኛ ልጄ፣ እጅህ ግራሶ ነው፤ እኔ አወርደዋለሁ" አሉና በአጠገቤ አልፈው ገቡ።

የት እንደቆሙ ያወቁት ድስቱን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው የእኔን ፊት ሲያዩ ነው። መሐላ ያፈረሰ አፉ ይጣመማል ይባላልና አፋቸውን ዳሰሱ፤ አልተጣመመም። ያን ጊዜ ሕፃኑ አለቀሰ። ድስቱን አስቀምጠው አነሡት። ሠናይት እርጥብ ልብስ እንደያዘች ደረሰች፤ የልጁን አንገት እንዲደግፉ ክንዳቸውን አስተካከለችላቸው።

ታዲያ ሰው ሲለወጥ አፉ ወደ ኋላ ይቀራል መሰለኝ።

"ሚካኤልን፣ ይህን ልጅ አቅፌ ሳልጠግብ ከዚህ ቤት አልወጣም" አሉ። ለማስቆም የደረሰ አልነበረም።

ይኸው ሰነበቱ። በጎቹን ገበያ የሚያደርሰው ባየው ነው። ጋሼ ሲመሽ ለወጉ ያህል እግራቸውን ወደ በሩ ይዘረጋሉ፤ አይሄድላቸውም፤ ምን ይደረግ ብለው ወደ ልጁ ይመለሳሉ። እኔም አልጋ እየሠራሁላቸው ነው። ለጊዜው የሚሆን ነገር ይበቃል ብለውኝ ነበር። በጽድ ነው የማበጀው፤ ልጁ ከፍ ሲል አብሯቸው እንዲተኛበትም ሰፋ አድርጌዋለሁ።