አያ ሞላ ያልቆጠሩት ዘር

«የማን ልጅ ነህ?» ሳይል ውሃ የሚያጠጣ ሰው ያለበት አገር ካለ ንገሩኝ፣ ጓዜን ጠቅልዬ ልግባበት። በእኛ በሀብሩ የዚህን ጥያቄ ሹመት የያዙት ክቡር አያ ሞላ ናቸው። ሙሽሮች ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ስዳር የቆጠሩት አባታቸው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እንደ ልጃቸው አያደርቁም ነበር።

«ቆይ፣ አባቱ ማነው?» ነው ሁልጊዜ ነገራቸው። አንዴ ከመርሳ ሚኒባስ ተሳፍረን ረዳቱን ያዙት። ልጁ አባቱን አያውቅም። «እንግዲያው የእናትህን አባት ጥራ» አሉት። ውርጌሳ ስንደርስ አጎቴ እያለ ዘንቢላቸውን ተሸክሞ ወረደ።

የማይቆጥሩት አንድ ዘር ብቻ ነበር። ዘውዱ ማረሻችንን የሚሠራልን ቀጥቃጭ ነው። ማረሻውን እንወስዳለን፣ ልጅ ግን አንሰጠውም፣ ከቤቱም አናገባም። ስሙ ሲነሳ አያ ሞላ «እሱን ተወው» ብለው ያልፋሉ።

በጥር ገበያ ደጀን የሚባል ጎረምሳ ማረሻዬን አበላሸህብኝ ብሎ ዘውዱን በጥፊ መታው። ዘውዱም መለሰለት። ሁለቱም ደሙ። ሚሊሻው ታደሰ መጣና ደጀንን «ሂድ፣ ፊትህን ታጠብ» አለው። የዘውዱን እጅ ግን ወደ ኋላ ጠፍሮ በገመድ አሰረው። እኔ ክው አልኩ። ጠቡ አንድ፣ ደሙ አንድ!

«ምነው ታደሰ፣ የጀመረው እኮ ያ ነው» አልኩት።

«እትዬ፣ ደጀን የሰው ልጅ ነው። ይኼ የቀጥቃጭ ዘር፣ ዋስ የሚሆነው እንኳ የለው። ጣቢያ ይክረም። አይደለም እንዴ፣ አያ ሞላ?»

አያ ሞላ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ደጀን የልጅ ልጃቸውን ቃልኪዳንን ሊያገባ ስለ ድንኳኑ ሳይቀር ንግግሩ አልቋል። የዘውዱን የታሰረ እጅ ረዘም አድርገው አዩት።

«ቆይ፣ አባቱ ማነው?»

«ማን ያውቅለታል» ብሎ ሳቀ ታደሰ።

«እኔ አውቃለሁ። ዘውዱ የይመር፣ ይመር የእንድሪስ። እንድሪስ የጥሩነሽ ወንድም። ጥሩነሽ የአባቴ እናት። ሥጋዬ ነው፤ ዋሱም እኔ ነኝ። ፍታው።»

ገበያተኛው አፉን ያዘ። እኔ ግን የጥሩነሽን ነገር እናቴ ስታወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ለናት ላባቷ አንድ ነበረች። አያ ሞላ በዘር ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ የዋሹትም በገዛ ቤታቸው ላይ ነው።

ታደሰ ገመዱን ፈታው። የደጀን ወላጆች ግን ሳይመሽ «ከቀጥቃጭ ዘር አንጋባም» ብለው ላኩ። የአያ ሞላ ልጅ በላይ፣ የቃልኪዳን አባት፣ አባቱ እግር ላይ ወደቀ።

«አባዬ፣ ተሳስቻለሁ ይበሉ። ሰርጉ ይትረፍልን።»

«በቆጠራ የምሳሳት ይመስልሃል?» አሉት፣ ተቆጥተው።

ሰንበት ብዬ ቃልኪዳንን ለልጅ ልጄ ለአቤል ብዬ ሽማግሌ ላክሁ። ልጅቱ እሺ ብላለች። አያ ሞላ ግን እስካሁን መልስ አልሰጡንም። የእኛን ዘር ገና እያጣሩ ነው፤ በእናቴ በኩል የማይጥማቸው ነገር አለ አሉ።