የአያ ተድላ ረጅም መኪና

እናንተ ከመኪና ምኑን ትፈራላችሁ? ፍጥነቱን? እኔ ርዝመቱን እፈራለሁ። ያውም ቆሞ ሳየው።

እዚሁ ደብረ ማርቆስ ጎረቤታችን አያ ተድላ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነበራቸው። አፍንጫው ከታጠፈ በኋላ ጅራቱ ገና ይመጣል። ሰርግ ሁሉ እሱን ይለምን ነበር። የፊት ወንበሩ መሀሉ ያልተከፈለ አንድ ወጥ ሶፋ ስለሆነ ከሹፌሩ ጎን ሁለት ሰው ያስቀምጣል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔን የዳረኝ እሱ ነው።

የዛሬዋን ባለቤቴን ሉማሜ ድረስ ሄደው እንዲጠይቁልኝ የመረጥኳቸው ሽማግሌዎች መሪጌታ አስረስና አያ ደምለው ነበሩ። ሁለቱም የተከበሩ፤ ሁለቱም ከኋላ የማይቀመጡ። በሌላ መኪና ብልካቸው ገና ከበሩ “እርስዎ ይግቡ”፣ “ኧረ በሞቴ እርስዎ” ሲባባሉ ይመሻል፤ ኋላ የተቀመጠውም አኩርፎ ይመለሳል። ስለዚህ አያ ተድላን ለመንኳቸው። ሽማግሌዎቹ ጎን ለጎን ፊት ተሰየሙ። እኔ ሉማሜ ሻይ ቤት ሆኜ ውጤቱን ልጠብቅ ከኋላ ገባሁ።

ቁልቁለቱ ላይ አያ ተድላ ፍሬን ረገጡ። መኪናው አልሰማም። ደግመው ረገጡ። “ኧረ ቁም!” አሉት፣ በበሬ የሚያርሱ ይመስል። እኔ በዚያ ሰፊ ወንበር ላይ ከጫፍ ጫፍ እንሸራተታለሁ፤ የምይዘው ነገር የለም። ላገባ ነው ስል ልቀበር ነው አልኩ። መሪጌታ ጸሎት ጀምረው ቃሉ ጠፋባቸው። ያን ሁሉ ትምህርት በቃላቸው የያዙ ሰው! አያ ደምለው ዓይናቸውን ጨፍነው ለልጆቻቸው ይናዘዛሉ። ደግነቱ መንገዱ ዳገት ሆነና መኪናው ራሱ ደክሞት ቆመ፤ ከዚያ እየተንፏቀቅን ሉማሜ ደረስን።

መቼም የልጅቱ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። “ከዘመድ ልማከር፤ ሌላ ቀን ተመለሱ” ይላል፤ ወጉ ነው። የእኔም አማች እንዲሁ አሉ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ታዳምጥ ስለነበር ኋላ ሁሉንም ነግራኛለች። “ተመለሱ” የሚለውን ሲሰሙ አያ ደምለው መሬት ላይ ተደፉ። “ዛሬውኑ ካልቆረጡልን ከዚህ አንነሣም!” መሪጌታም እያለቀሱ ጉልበት ሳሙ። አማቼ ለሰው ልጅ እንዲህ የሚያለቅስ ሽማግሌ አይተው አያውቁም። ይህን ልጅ ምን ያህል ቢወዱት ነው ብለው እዚያው ፈቀዱ። ሽማግሌዎቹ በአውቶቡስ ተመለሱ፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ሳይግደረደሩ።

ያ መኪና ነዳጁን እንደ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ መለዋወጫውም ጠፋ። ጋራዥ ጀርባ ተጥሎ ዶሮ ያድርበት ጀመር። አሁን ከተማውን የያዙት ድምፅ የሌላቸው ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። የወንድሜ ልጅ በነሱ ሽማግሌ ላከ፤ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ የየራሱን መኪና። ሄዱ፣ ተቀጠሩ። ተመለሱ፣ ተቀጠሩ። ተመችቷቸዋል፣ ምን ያስቸኩላቸዋል? ልጁ ከሳ፣ ጠቆረ።

ትናንት ግን እየሳቀ መጣ። የአያ ተድላን መኪና ሞተር በመካኒኮች አስጠግኗል። ሽማግሌም ቀይሯል። አንዱ እኔ ነኝ።

“ፍሬኑስ?” አልኩት።

“እሱን እንዳትነኩት ብያቸዋለሁ፣ ጋሼ።”